ሽቅብ የሚፈስስ ፈሳሽ፤ ስለ ቃርና ስለ ጨጓራ አሲድ መመለስ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የፋሲካ ሌሊት በየካ እንዲህ ያልፋል። ከእንጦጦ ማርያም እስከ የካ ሚካኤል ባሉት አድባራት ቅዳሴው ሲፈጸም ሕዝቡ ጧፉን እንደያዘ በጨለማ ወደየቤቱ ይመለሳል። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል ሳይቀምስ 55 ቀን የሰነበተውን ጿሚ ገበታ ቀርቦ ይጠብቀዋል። በብዙ ቤት አስቀድሞ ተልባ ይቀመሳል፤ ከዚያም ዶሮ ወጡ ቅቤው እንደ ተንሳፈፈ ይቀርባል። ቤተ ሰቡ ተጎራርሶ፣ ጠላውንም ቀማምሶ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይተኛል። ጎሕ ሲቀድ ግን ከቤተ ሰቡ አንዱ ደረቱን በእጁ ይዞ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ከደረቱ አጥንት በስተኋላ እሳት የመሰለ ነገር ሽቅብ ይወጣል፤ አፉንም የኮመጠጠና የመረረ ፈሳሽ ይሞላዋል። «ምን ሆንክ?» ሲባል፣ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ይላል። ቀዝቃዛ ወተት ይሰጠዋል፤ ጥቂት ያርፋል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል።

«ጨጓራዬ ተነሣብኝ» የምትለው ይህች አነጋገር የዛሬው ንግግር መነሻ ናት። አነጋገሯ በየቤቱ የተለመደች ትሁን እንጂ፣ የተቃጠለውን አካል ትታ ሌላውን አካል ትከስሳለች። ክሱ ከተሳሳተ ደግሞ ፍርዱም፣ መድኃኒቱም ይሳሳታል። በሽታን መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ሥራ መሆኑ አይዘነጋም። ነገር ግን ቧንቧ፣ ቫልቭ፣ ፓምፕ፣ ግፊትና ተዳፋት የሚባሉት ነገሮች ለዚህ ጉባኤ ባዕድ አይደሉም። ቃርም ከበሽታዎች ሁሉ ይልቅ በነዚሁ ቃላት ሊገለጽ የሚችል ሕመም ነው። አሠራሩን ያወቀ ሰው ራሱን ይጠብቃል፤ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብም ሕመሙን በትክክል ይናገራል።

ስሙና አካሉ

በአማርኛ ለዚህ ሕመም ጥሩ ስም አለ፤ ቃር ይባላል። ቃር ከጨጓራ ወደ ጉሮሮ የሚወጣውን የሚያቃጥል ስሜት ያመለክታል። «ጨጓራ» ግን የአካል ስም እንጂ የሕመም ስም አይደለም። ይሁን እንጂ በከተማው ልማድ ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ተብሎ ቀርቷል፤ «ጨጓራ አለብኝ» ማለትም አንድ የታወቀ በሽታ ስም መጥራት መስሏል። በዚህ አንድ ስም ሥር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተሰብስበው ይገኛሉ። አንደኛው የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ መመለሱ፣ ሁለተኛው የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት መቁሰል፣ ሦስተኛው ምግብ ያለ መስማማት ነው። አንዳንድ ጊዜም፣ ወደ ኋላ እንደሚገለጸው፣ ከሦስቱ አንዱንም ያልሆነና እጅግ የሚያስፈራ አራተኛ ነገር በዚሁ ስም ተሸፍኖ ያልፋል።

የስም መደባለቅ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ቃርን የሚጠሩት በልብ ስም ነው፤ በአማርኛም ቢሆን «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚቃጠለው ግን ልብም አይደለም፣ ጨጓራም አይደለም። የሚቃጠለው ሁለቱን ተጠግቶ የሚያልፈው የምግብ ቧንቧ ነው።

የቧንቧው አሠራር

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሠፈሮች የሚኖር ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ውኃ በተራ በሚደርስባቸው በነዚያ ዳገታማ ሠፈሮች ብዙ ቤተ ሰብ ሮቶ አቁሟል። ውኃው በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል። ግፊቱ በጠፋ ቀን ግን፣ ከሥር በሚገባው ቧንቧ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ከሌለ፣ ወይም ቫልቩ ከላላ፣ የተጠራቀመው ውኃ ወደ መጣበት ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ውኃውን አይወቅስም፤ ቫልቩን ይመረምራል።

የሰው አካልም እንዲሁ ነው። የምግብ ቧንቧው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጡንቻ ቧንቧ ሲሆን፣ ከጉሮሮ ተነሥቶ በደረት ውስጥ ቁልቁል ይወርድና ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ፣ ማለትም ድያፍራምን፣ በቀዳዳ አልፎ ከጨጓራ ጋር ይገናኛል። በመጋጠሚያው ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የቧንቧው ጫፍ ዘወትር ተኮማትሮ የሚኖር ዘጊ ጡንቻ ነው። ሰው ሲውጥ ለጥቂት ሴኮንዶች ይከፈታል፤ ጉርሻው ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ድያፍራሙም ከውጭ እንደ ቀለበት ከብቦ ያግዘዋል። ስለዚህ ቫልቩ አንድ ሳይሆን ሁለት ተደራራቢ መዝጊያዎች ያሉት ነው ለማለት ይቻላል።

ከቫልቩ በታች ያለው ጨጓራ በቀን 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ሲሆን የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለው፣ 1 ወይም 2 ድረስ ይወርዳል። መለኪያው በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ በ10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ፒኤቹ 2 የሆነ ፈሳሽ ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲነጻጸር 100,000 እጥፍ አሲድ ነው። ጨጓራ ይህን የሚችለው ግድግዳው በወፍራም ንፍጥ መሰል ልባስ ስለተሸፈነ ነው። የምግብ ቧንቧው ግን እንዲህ ያለ ልባስ የለውም። ለአሲድ ተብሎ ያልተሠራ ቧንቧ አሲድ ሲያልፍበት ምን እንደሚሆን ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ሊያዝ የሚገባው ቁም ነገር አለ። ቃር ካለባቸው ሰዎች የአብዛኞቹ ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ ከሌላው ሰው የበለጠ አይደለም። አሲዱ አልበዛም፤ ቦታውን ለቀቀ እንጂ።

ለምን ሽቅብ ይፈስሳል?

ፈሳሽ ግፊቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል። በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ሰው ሲተነፍስ ከከባቢው አየር ጥቂት ዝቅ ይላል፤ በሆድ ውስጥ ያለው ደግሞ ጥቂት ከፍ ይላል። በዕረፍት ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ፈሳሹን ሽቅብ ይስባል። ጤነኛ ቫልቭ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሚደርስ ኃይል ተዘግቶ ስለሚኖር ይህን ይቋቋማል።

የሚሸነፍባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚበዛው፣ ቫልቩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሰው ሳይውጥ በራሱ ጊዜ መከፈቱ ነው። ጨጓራ በምግብና በአየር ሲወጠር፣ አየሩ በግሳት እንዲወጣ ነርቮች ቫልቩን ለጥቂት ሴኮንዶች እንዲላላ ያዙታል። ይህ በማንኛውም ሰው የሚደርስ ነው፤ ጨጓራው እስከ አፉ ከሞላ ግን ከአየሩ ጋር አሲዱም አብሮ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ቫልቩ ራሱ ደካማ መሆኑ ነው። ሲጋራ፣ አልኮልና ቅባት የበዛበት ምግብ ጡንቻውን ያላላሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም በእርግዝናው ሆርሞን የተነሣ ትቸገራለች። በአንዳንድ ሰው ደግሞ የጨጓራው ጫፍ በድያፍራሙ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ይገባና ሁለቱ መዝጊያዎች ይለያያሉ፤ ሀያታል ሄርኒያ የሚባለው ይህ ነው። ሦስተኛው፣ የሆድ ግፊት ከመጠን በላይ መውጣቱ ነው። ሰው ሲያስል፣ ከባድ ነገር ሲያነሣ ወይም ሲያምጥ በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት ለቅጽበት ከ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሊያልፍ ይችላል። የሆድ ውፍረትና የጠበቀ ቀበቶም ግፊቱን በዝግታ ይጨምራሉ።

ለሦስተኛው መንገድ ከእንጦጦ ተራራ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተተከለው የባሕር ዛፍ ደን ለአዲስ አበባ ምድጃ እሳት ሲሰጥ ኖሯል፤ እሳቱን ቁልቁል ያወረዱት ግን በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። እንጨትና ቅጠል ተሸካሚዎቹ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሸክም በጀርባቸው ጭነው፣ ገመዱን በደረታቸው አሥረው፣ ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ተራራው የመዝናኛ ቦታ ከሆነ ወዲህ እንኳ የእንጨት ሸክም ከተራራው መንገድ ጨርሶ አልጠፋም። ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ የታሠረ ወገብና የከበደ ሸክም፣ ሦስቱም የሆድን ግፊት የሚጨምሩ ናቸው። እንዲህ ያለችው እናት «ቃር አስቸገረኝ» ስትል ብዙውን ጊዜ በርበሬዋን እንድትተው ይነገራታል። ስለ መቀነቷና ስለ ሸክሟ ግን የሚጠይቃት የለም።

የመሐንዲሱም ሕይወት ከዚህ አይርቅም። ከአያት ወይም ከኮተቤ ማለዳ ተነሥቶ፣ በባዶ ሆዱ ቡና ጠጥቶ፣ በመገናኛ የመኪና ሰልፍ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጦ፣ ግንባታው ቦታ ላይ ምሳ ሳይበላ የሚውል ባለሙያ አለ እንበል። ይህ ሰው ማታ ከባልደረቦቹ ጋር ጥሬ ሥጋ ወይም ክትፎ በአንድ ጊዜ ይበላል፤ ቢራውን ይጨምርበታል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ቤቱ ገብቶ ወዲያው ይተኛል። ቅባት ያለው ምግብ ከጨጓራ ለመውጣት 4 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ ምራቅ የማመንጨቱና የመዋጡ ሥራ ይቆማል ያህል ይቀንሳል። በቀን 1 ሊትር ያህል የሚመነጨው ምራቅ አሲዱን የሚያጥበውና የሚያረክሰው የተፈጥሮ ውኃ ስለሆነ፣ በሌሊት የተመለሰ አሲድ በቧንቧው ውስጥ ረዥም ጊዜ ይቆያል። የፋሲካው ሌሊት ጿሚና ይህ ባለሙያ የሚለያዩት፣ ያኛው በዓመት አንድ ሌሊት ያደረገውን ይኸኛው በሳምንት አራት ሌሊት ማድረጉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጾሙም፣ በርበሬውም፣ እንጀራውም ያለ አግባብ ይወቀሳሉ። በርበሬ አስቀድሞ የቆሰለውን ቧንቧ ያቃጥላል፤ የመመለሱ ዋና ምክንያት ግን የምግቡ ብዛት፣ የቅባቱ መጠንና የመኝታው ሰዓት ነው። ጾምን በመጠን የሚፈታ፣ ከዚያም በኋላ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው፣ በጾሙ የተነሣ የሚመጣበት ቃር ጥቂት ነው። ይኸው ለረመዳን ጿሚም ይሠራል፤ በማፍጠሪያው ሰዓት በተምርና በሾርባ መጀመር፣ ከሱሁርም በኋላ ወዲያው አለመተኛት ይጠቅማል።

ዕውቀቱ እንዴት ተገኘ

የጨጓራ ፈሳሽ አሲድ መሆኑን የለየው ዊልያም ፕራውት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1823 ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ በሰሜን አሜሪካ አሌክሲ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በጠመንጃ ሆዱን ተመትቶ ቁስሉ ሳይዘጋ ስለ ዳነ፣ ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት በዚያች ቀዳዳ አሾልኮ የጨጓራን ሥራ ለዓመታት ለመመልከት ቻለ። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1833 ነው። ይሁንና አሲዱ ወደ ላይ እየተመለሰ ቧንቧውን የሚያቆስል መሆኑ በግልጽ የተጻፈው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ በኒውዮርኩ ሐኪም በአሸር ዊንክልስታይን ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ የቅርብ ጊዜ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ሂስታሚን የተባለው ንጥረ ነገር አሲድ የሚያስመነጭበትን በር የሚዘጋ መድኃኒት ፈልጎ ሲሜቲዲንን ለማግኘት መሠረት ጣለ። መድኃኒቱ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ብላክም በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በዚያው በ1988 በስዊድን የተሠራው ኦሜፕራዞል ወጣ። ይህኛው በሩን ሳይሆን ፓምፑን ያቆማል። በጨጓራ ግድግዳ ያሉት ሕዋሳት አሲዱን የሚያወጡት በእውነተኛ ፓምፕ ነው፤ ይህ ፓምፕ ፕሮቶንን ከሕዋሱ ውስጥ ወስዶ ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ አጠራቅሞ ወደ ጨጓራ ያስገባል። 

ሌላው ታሪክ የአውስትራሊያውያኑ የሮቢን ዋረንና የባሪ ማርሻል ነው። እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ አውጥተው አሳደጉ። ባልደረቦቻቸው ስላላመኑ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይህ ግኝት ኢትዮጵያን በእጅጉ ይመለከታል፤ በልዩ ልዩ ጊዜ በአገሪቱ የተደረጉ ጥናቶች ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው እንዳለባቸው አሳይተዋል። ነገር ግን ባክቴሪያው የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት ምክንያት እንጂ የቃር ምክንያት አይደለም። በምርመራ ባክቴሪያው ተገኝቶበት መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ቃሩ ባይለቀው፣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ስም ስለ ተጠሩ ብቻ በአንድ መድኃኒት ይድናሉ ተብሎ መጠበቁ ነው ስሕተቱ።

የጓዳና የመድኃኒት ቤት መድኃኒት

በጓዳ ከሚገኙት መድኃኒቶች ተልባ የተመሰገነ ነው፤ ልዝብ ልባሱ ለጊዜው ቧንቧውን ይሸፍናል። ወተት አሲዱን ለአጭር ጊዜ ያረክሳል፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ግን ኋላ ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ፣ ሌሊት ወተት እየጠጣ የሚያድር ሰው ዕዳውን ወደ ነገ ያስተላልፋል። ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጦ መጠጣትም የተለመደ ነው። ይህን በስሌት መመልከት ይጠቅማል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ 5 ግራም ያህል ነው፤ ሁሉም ከአሲድ ጋር ቢዋሐድ በአዲስ አበባ ከፍታና በሰው ሰውነት ሙቀት 2 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በተግባር የሚዋሐደው ከዚያ ያነሰ ቢሆንም፣ የወጣው ጋዝ ጨጓራውን ይወጥራል፤ የተወጠረ ጨጓራም ቫልቩን ያስከፍታል። አሲዱን ሲያረክሱ በሩን መክፈት ይሆናል። የሶዲየሙ ብዛት ደግሞ የደም ግፊት ላለበት ሰው አይበጅም።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት በሦስት ይከፈላሉ። አሲድ የሚያረክሱት የማግኒዥየምና የአሉሚኒየም ውሑዶች ወዲያው ያሳርፋሉ፤ ኃይላቸው ግን አጭር ነው። እንደ ሲሜቲዲን ያሉት ለሰዓታት ያገለግላሉ። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉት ከሁሉ ይበረታሉ፤ ሆኖም ፓምፑን የሚያገኙት ፓምፑ ሲሠራ ስለሆነ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ሊወሰዱ ይገባል። ምግብ በልቶ ሲያቃጥለው ብቻ አንድ የሚውጥ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ ከነዚህ አንዱም ቫልቩን የማይጠግን መሆኑ ነው። ፈሳሹ መመለሱን አያቆምም፤ አሲድነቱ ይቀንሳል እንጂ። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰኑ ሳምንታት የተሰጠውን መድኃኒት ለዓመታት በራስ ፈቃድ እየገዙ መቀጠል መፍትሔ አይሆንም።

በተቃራኒው ሕመሙን የሚያብሱ መድኃኒቶች አሉ። ለወገብና ለራስ ምታት የሚዋጡት አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ልባስ ይጎዳሉ። ወደ ቆላ ለሥራ የሚሄድ ባለሙያ ወባን ለመከላከል ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘለት፣ ክኒኑን በብዙ ውኃ ቁጭ ብሎ ሊውጠውና ወዲያው ሳይተኛ ሊቆይ ይገባዋል። በጥቂት ምራቅ ውጦ የሚተኛ ሰው ክኒኑ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ያቆስለዋል።

የአልጋው ተዳፋት

ገንዘብ የማይጠይቀው ሕክምና ግን ለመሐንዲስ የቀረበ ነው። የአልጋውን የራስጌ እግሮች በ15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ከጥንት የታዘዘ ምክር ነው። አልጋው 190 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ተዳፋቱ 8 በመቶ ያህል ይሆናል። በ25 ሴንቲ ሜትር የምግብ ቧንቧ ላይ ይህ የሚያስገኘው ከፍታ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ግፊት ሲለወጥ ከ1 ሚሊ ሜትር ተኩል ሜርኩሪ አይበልጥም። እንግዲህ በዚህ ግፊት ተመላሹን ፈሳሽ ማገድ አይቻልም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው የወጣውን ቶሎ ለመመለስ ነው። የቤት ፍሳሽ ቧንቧ በ1 ወይም በ2 በመቶ ተዳፋት ሳይደፈን የሚሠራ ከሆነ፣ በ8 በመቶ ላይ ያለ ቧንቧ አሲዱን አያቁርም። ትራስ መደራረብ ግን ይህን አያደርግም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን ግፊቱን ይጨምራል። መነሣት ያለበት አልጋው እንጂ አንገቱ አይደለም።

በግራ ጎን መተኛትም በዚሁ ምክንያት ይረዳል። ጨጓራ ወደ ግራ የተንጋደደ ከረጢት ስለሆነ፣ ሰው በግራ ጎኑ ሲተኛ ፈሳሹ በከረጢቱ ሥር ይጠራቀማል፤ መጋጠሚያውም ከፈሳሹ በላይ ይሆናል። በቀኝ ሲተኛ ግን መጋጠሚያው በፈሳሹ ይዋጣል። ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ሳይተኙ መቆየት፣ ምግብን በአንድ ጊዜ ከማብዛት ይልቅ ከፋፍሎ መብላት፣ ክብደት መቀነስ፣ ቀበቶን ማላላት፣ ሲጋራን መተው የቀሩት ምክሮች ናቸው። ቡናን በሚመለከት ግን ሰውና ሰው ይለያያል፤ አቦሉን ከቁርስ በኋላ መጠጣት የሚበቃው አለ፣ በረካውን መተው የሚገባውም አለ። የሁሉም ሰው ግዴታ የሚሆነው ግን ፈልቶ የወረደውን ወዲያው አለመጠጣት ነው። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ፈርጆታል። ከአርሲና ከባሌ በዚህ ካንሰር የተያዙ ብዙ ሕሙማን ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንደሚመጡ የታወቀ ስለሆነ፣ ነገሩ ለዚህ አገር ሩቅ አይደለም።

ቃር ያልሆነው ቃር

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ቃሩ በእርግጥ ቃር ሲሆን ነው። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን በሌላ በኩል ያለው ነው። የልብና የምግብ ቧንቧ ነርቮች ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሱት በተቀራረበ መንገድ ስለሆነ፣ የልብ ደም ሥር መጥበብ «ጨጓራ» መስሎ ሊሰማ ይችላል። ልዩነቱን በእንጦጦ ዳገት ላይ ማየት ይቻላል። ቃር የሚመጣው ሰው ከበላ በኋላ፣ ሲያጎነብስ ወይም ሲተኛ ነው። ዳገቱን ሲወጡ የሚመጣና ቆም ሲሉ የሚተው የደረት ሕመም፣ በሐኪም እስኪመረመር ድረስ የልብ ሕመም ነው ተብሎ መያዝ አለበት። ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ከሆነማ፣ ወተት ፍለጋ ወደ ጓዳ ሳይሆን ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ይህን ለይቶ ባለማወቅ «ጨጓራ ነው፣ ይለቀኛል» እያለ የሚያድር ሰው ንጋቱን ላያይ ይችላል።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ምግብ ሲውጡ የሚያንቅ ወይም የሚቆም ከሆነ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ደም የሚያስመልስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ፣ የደም ማነስም ከመጣ፣ መዘግየት አይገባም። ለዓመታት የቆየ የአሲድ መመለስ ቧንቧውን አቁስሎ ሊያጠብበው፣ በጥቂት ሰዎችም የቧንቧውን ሽፋን ባሕርይ ለውጦ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። በነዚህ ጊዜያት ሐኪሙ በኤንዶስኮፒ ቧንቧውን ከውስጥ ይመለከታል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ የሚያድነው መናገር ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠቃለል፣ ቃር የአሲድ ብዛት ሳይሆን የበርና የግፊት ጉዳይ ነው። ስለሆነም አብዛኛው መፍትሔ የሚገኘው በሰውየው አኗኗር ውስጥ ነው። አኗኗሩን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ የሥራ ቦታው ነው። የሥራ መርሐ ግብር የሚያወጡ፣ የግንባታ ቦታ የሚያስተዳድሩ ሰዎች በዚህ ጉባኤ ተቀምጠዋል። የኮንክሪት ሙሌት ሰዓት በደቂቃ ይታቀዳል፤ የሠራተኛው ምሳ ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ ለዕድል ይተዋል። ቀን 6 ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ሥራ የሚቆምበት፣ ሠራተኛው ተቀምጦ የሚበላበት ጥላ የሚዘጋጅበት፣ ሸክም በሰው ወገብ ሳይሆን በጋሪና በማንሻ የሚሄድበት የሥራ ቦታ ቢኖር፣ የብዙ ሰው ቃር ያለ መድኃኒት በቀነሰ ነበር። ይህም ከዕለት ሠራተኛዋ እስከ ሥራ አስኪያጁ ያለውን ሁሉ የሚጠቅም ነው።

በእንጦጦ ጥላ ሥር ያደገ ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂል ከልጅነቱ ያውቀዋል። ለቃርም የሚስማማው ምክር ይኸው ነው። ቅጠሉ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አይደለም፤ በጊዜ የተበላ ምሳ፣ በመጠን የተበላ እራት፣ ከራስጌው ከፍ ያለ አልጋና፣ ሲያጠራጥር ሳይዘገዩ ሐኪምን መጠየቅ ነው።